የዘይነባ ጌም ቤት ሁለተኛው መሰኪያ

የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቄን የዘጋሁት ዓይኔ ስለከዳኝ ነው። የብየዳ ብረቱን፣ ካውያውን ይዤ፣ ቀልጦ ሽቦ የሚያጣብቀው ስታኞ የት እንደወደቀ ማየት ሲያቅተኝ፣ ይህ ሥራ በግምት አይሠራምና ዕቃዬን ሰብስቤ ቤቴ ገባሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ "ዓለሙ፣ ጡረታ እንዴት ይዞሃል?" ይለኛል። ጡረታ እንኳ የቆረጠልኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ የቆረጠልኝ ዓይኔ ነው።

በዚህ ሙያ ስኖር ያልተጠረጠርኩበት ቀን ጥቂት ነው። ሬዲዮውን ሰጥቶህ የሚሄድ ሰው ደጃፍ ሲደርስ ዞር ብሎ ያይሃል። ውስጡን ትለውጥብኛለህ ማለቱ ነው። እኔም እሱን አየዋለሁ። "ዝም ብሎ ነው የጠፋ" ይለኛል እንጂ ከእጁ ወድቆ እንደሆነ፣ ልጆቹ ውሃ አፍስሰውበት እንደሆነ አይነግረኝም። እንዲህ እየተያየን ነው ያረጀሁት።

ሥራ የጀመርኩት አብደራፊ በአንድ የእርሻ ድርጅት ጋራዥ ነበር፤ የትራክተር ኤሌክትሪክ። ደመወዙ ሰሊጡ ሲሸጥ ይመጣል፣ ሳይሸጥ ሲቀር ይቀራል። ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ ይበቃል። አለቃችን ውብሸት የሚባል ሰው ነበር፤ ከሥራ ስንወጣ በር ላይ ቆሞ ኪሳችንን ይዳብሳል። የመዳብ ሽቦ ይሰርቃሉ ብሎ ነው። አንድ ቀን ከኪሴ ካቻቢቴ አወጣ።

"ይህ የማን ነው?"

"የኔ ነው። ከጎንደር ይዤው የመጣሁት።"

"ማን ይመሰክርልሃል?"

ማን ይመሰክርልኛል? ካቻቢቴ ይዤ ስመጣ ያየኝ ሰው የለም። ካቻቢቴው በእጁ ቀረ። እኔም ብዙ አልቆየሁ፤ ሥራውን ለቅቄ ሽንፋ ሄድኩ። ሽንፋ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ስጠግን ከረምኩና ወባው ሲጸናብኝ መተማ ዮሐንስ ገባሁ። ሐጅ ኢድሪስን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐጅ ኢድሪስ አባታቸው የወሎ ሰው፣ እናታቸው የሱዳን፣ የገዳሪፍ ሴት ነበሩ። ሱቃቸው ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ጎን ነበረ። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሚሻገር ማናቸውም ዕቃ እሳቸው ጋ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሬዲዮ ሰጡኝና "ሞቷል፤ ክፈተው" አሉኝ። ከፈትኩት። ብፈልግ ብፈልግ የተበላሸ ነገር አጣሁ። ላቤ እስኪንጠባጠብ ድረስ አዩኝና ቀስ ብለው ተነስተው ሬዲዮውን ሰኩት። ዘፈነ።

"ያ ዞል" አሉኝ፣ በሱዳኖቹ ቋንቋ "አንተ ሰው" ማለታቸው ነው፣ "መሞቱን ማን ነገረህ?"

"እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።"

"እኔ ባለ ዕቃ ብሆንስ? ባለ ዕቃ የሚነግርህን ስማ እንጂ አትመን። መጀመሪያ ሰክተህ በዓይንህ እይ።"

ሰውየው የሚያምኑት ነገር አልነበረም። የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን፣ ቴስተሩን እንኳ አያምኑትም፤ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ደህና መሆኑን በሚያውቁት ባትሪ ይሞክሩታል፣ ሲጨርሱም እንደገና። ሽቦና ስታኞ ያለበትን ቦርድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ የቆላ ላብ ጨው ነው፣ መዳብ ይበላል ይላሉ። የተዘጋ ዕቃ ሲመጣላቸው ከመክፈታቸው በፊት አፍንጫቸውን ቀዳዳው ላይ ደቅነው ያሸቱታል። የተቃጠለ ነገር ካለ እዚያው ያውቁታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጠግነው ሲዘጉ የሚያደርጉት ነው። ብሎኑን አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ አናቱ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጉበታል። ሌላ ሰው ከከፈተው ቀለሙ ይሰነጠቃል። "አንተ የዘጋኸውን ሌላው ከፍቶ ያበላሽና አንተን ሌባ ይልሃል" ይሉኝ ነበር። ቀለሙን ሲገዙ ባለ ሱቁ ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም።

ሐጅ ሲሞቱ ቤተሰባቸው ሱቁን ለጨርቅ ነጋዴ አከራየው። እኔ ከመናኸሪያው ማዶ አንዲት ጠባብ ቤት ይዤ የራሴን ሥራ ጀመርኩ፣ የጥፍር ቀለሙንም ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዕቃ በእጄ አልፏል። አሁን ልጽፈው የተነሳሁት ግን የዘይነባን የጌም ማሽን ነገር ነው፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የተዋረድኩበት ቀን የለምና።

ዘይነባ ባሏ የሞተባት ነጋዴ ናት። ከፊት ለፊት ሳሙናና ስኳር ትሸጣለች፣ ከጓሮው ክፍል ጌም ቤት ከፍታለች። ማሽኗ ከካርቱም የመጣች ጥቁር አሮጌ ነበረች፣ ሌላው ዓለም ከጣላት የቆየች። እኛ ጋ ግን ጉምሩክ የሚጠብቅ ሾፌር፣ ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ ቆረጣ የሚወርዱት፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው ሠራተኞች፣ ሁሉም እሷ ላይ ኳስ ይጫወታል። በፊቷ ሁለት መሰኪያ አላት፤ አንዱ ጆይስቲክ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይሰካል።

በአንድ መኸር ማብቂያ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ራሷ መጣችብኝ።

"ጋሽ ዓለሙ፣ ቶሎ ይምጡልኝ። ሰው ሊጣላብኝ ነው።"

ስደርስ ክፍሉ ሞልቷል። ምኒችል የሚባል የጎጃም ልጅ፣ ረጅም፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከፊቱ የዘይነባ ባል ወንድም ሰኢድ አለ። ሰኢድ የምኒችልን ሻንጣ በሁለት እጁ ይዟል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ሲጫወቱ እኩል ሆነው ሊያልቅ ሲል የምኒችል ተጫዋች ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰኢድ ኳሱን ነድቶ አገባ። ምኒችል ተናዶ ጆይስቲኩን ወረወረ። ሰኢድ "ማሽኑን ሰበርከው፣ ሳታሠራ ሻንጣህን አታገኝም" አለ፤ ምኒችል "ሲጀመርም የተበላሸ ነው፤ እያወቃችሁ ነው ያስቀመጣችሁኝ" አለ።

"ዳኛው ይኸው" አለ ሰኢድ እኔን እያሳየው።

ምኒችል ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "ዳኛ? እሳቸውም የዚሁ ቀዬ ሰው ናቸው። ለማን ሊፈርዱ ነው?"

ዘይነባም አላመነችኝም። ማሽኑን ወደ ሱቄ ልውሰደው ስላት "አይ፣ እዚሁ ይሥሩት" አለች። ልከፍተው ስል ስልኳን አውጥታ ፎቶ ማንሳት ጀመረች። ዕቃ እንዳልለውጥባት መሆኑ ገባኝ። ጠረጴዛውን ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁና ሁሉም እያየኝ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ የተወረወረውን ጆይስቲክ በግራው መሰኪያ ሰካሁት። ሠራ። ደህናውን በቀኙ ሰካሁት። ሞተ። ስለዚህ ጥፋቱ ከጆይስቲኩ አይደለም፣ ከመሰኪያው ነው። ክዳኑን አንስቼ የመሰኪያውን ቀጫጭን እግሮች በቴስተር አንድ በአንድ ተከተልኳቸው። አንደኛው እግር ላይ የቴስተሩን መርፌ ጫን ሳደርግ ቴስተሩ ይጮኻል፣ ለቀቅ ሳደርግ ዝም ይላል። አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። እግሩ ከቦርዱ ጋር በተያያዘበት ስታኞ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ዞሯል።

እዚህ ላይ ነው ፍርዱ ያለው። ዛሬ የተሰነጠቀ ስታኞ ውስጡ ያብረቀርቃል። ይህ ግን ጠቁሯል፤ አቧራና የእጅ ቅባት ገብቶበታል። የጆይስቲኩን ሽቦ ሰው ሲጎትተው፣ ሲጎትተው የቆየ ነው እንጂ በአንድ ውርወራ የመጣ አይደለም።

"የቆየ ስንጥቅ ነው" አልኩ። "ይህ ልጅ የሰበረው አይደለም። ኑ፣ እዩት።"

ዘይነባ በመነጽሩ አየች። ምን እንዳየች እንጃ። ሰኢድ ሊያይ እንኳ አልፈለገም።

"ከልጁ ጋር ተስማምታችኋል" አለኝ።

"መቼ? ከበሩ ስገባ አይደለም ወይ ያየሁት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

አሮጌውን ስታኞ አቅልጬ በመምጠጫ አወጣሁ፣ እግሩን በአልኮል ጠረግሁ፣ አዲስ ስታኞ አቀለጥኩበት። የዚያኑ መሰኪያ ሌሎች እግሮችም እንዲሁ አደረግኋቸው። ሰካሁት፤ ሠራ። ዘግቼ ብሎኑን አጠበቅሁና ቀለሜን ጠብ አደረግሁ። ሻንጣው ግን አልተመለሰም። ሰኢድ "ጥቂት ቀን እንየው፤ ከሠራ ይወስዳል" አለ። ዘይነባም ወደ ሳሙናዋና ስኳሯ ተመለሰች። የባሏ ወንድም ነው።

ምኒችል ከጓዶቹ ጋር መናኸሪያው አጠገብ ባለ ዳስ ሥር ነበር የሚያድረው። ሥራቸው አልቋል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው የሚወስዳቸው ጭነት መኪና እስኪገኝ ይጠብቃሉ። መንገዱ ስለሚያሰጋ በዚያ ሰሞን ብቻውን የሚወጣ ሰው አልነበረም። ጓዶቹ ከሄዱ እሱ ቀረ ማለት ነው። ሻንጣውን ትቶ እንዳይሄድ ደግሞ የመኸሩ ድካም ሁሉ፣ ለእናቱ የገዛው ልብስ ጭምር፣ እዚያ ውስጥ ነው።

መኪናው ነገ ይመጣል በተባለበት ቀን ከጌም ቤቱ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ማሽኑ እንደገና ሞቷል። አሁን ሁለቱም መሰኪያ!

ስገባ የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። "ደህናውንም ገደልከው" አለኝ ሰኢድ። አንዱ ሾፌር "ሊሠራልኝ የሰጠሁትን ቴሌቪዥን ዛሬውኑ እወስዳለሁ፤ ምኑን አውጥቶ እንደሸጠው ማን ያውቃል" አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዕድሜዬን ሙሉ የገነባሁት ስም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲፈርስ ዓይኔ እያየ ነው። ምኒችል በር ላይ ቆሞ ነበር። የእሱ ግን ከሁሉም ባሰብኝ። ድምፁን እንኳ አላነሳም።

"እኔስ ለምጄዋለሁ" አለ። "እርስዎ አንድ ሰሞን እውነት የተናገሩ መስሎኝ ነበር፣ አያ። ለካ ሁላችሁም አንድ ናችሁ።"

ተቀመጥኩ። ከዚያ እጄን በሳሙና አስታጥቡኝ አልኩ። ቴስተሬን በባትሪ ሞከርኩ። ማሽኑን አሸተትኩ፤ ስስ የቃጠሎ ሽታ አለ። ልከፍት ገልብጬ ስይዘው ቀለሜ ተሰንጥቋል። በአንዱ ብሎን ላይ ጨርሶ ተልጧል።

"ይህን ማሽን ከእኔ በኋላ የከፈተው ማን ነው?" አልኩ።

እኔ ዓይኔ ሰኢድ ላይ ነበር። ያን ጓሮ ለሰሊጥ ማከማቻ እንደሚፈልገው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጌም ቤቱ ቢዘጋ የሚጠቀመው እሱ ነው። እሱም ያየሁት ገብቶታል።

"ምን ታየኛለህ? እኔ ካቻቢቴ የለኝም!"

"እኔ መቼ ስምህን ጠራሁ?"

"ዓይንህ ጠርቶኛል!"

መፍታት ቀጠልኩ። አንዱ ብሎን በቦታው የለም። ክዳኑን ሳነሳ ወዲያው አየሁት፦ የጠፋችው ብሎን በመሰኪያዎቹ እግሮች ሥር ተጋድማለች። ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን እግር ከብረት ሽፋኑ ጋር አገናኝታዋለች። ከጎኑ የሩዝ ፍሬ የምታክል ፊውዝ አለች፤ ለሁለቱም መሰኪያ ኤሌክትሪክ የምታሳልፍ እሷ ናት። በቴስተር ነካኋት። ዝም። ተቃጥላለች፤ ቦርዱን አድና ራሷ ሞታለች።

ብሎኗን በወረንጦ አነሳሁና ለሁሉም አሳየኋት።

"እኔ ስዘጋ ይህች ውጭ ነበረች። ማንም ይሁን፣ ከፍቶ ሲዘጋ ውስጥ ጥሏታል። ክፋት አይመስለኝም፤ ክፉ ሰው ቢሆን ብሎን እየፈታ አይደክምም፣ ሽቦ ይቆርጣል። ግን የሰው ሻንጣ በዚህ ተይዟል።"

ሰኢድ ወደ ምኒችል ዞረ። "ይህ ነው የከፈተው! በር ላይ ሲዞር ነው የሚውል።"

ምኒችል ግድግዳውን ለቅቆ ተራመደ። ሁለት ጓዶቹ ከኋላው ገቡ። ክፍሉ ጠበበ። እኔ ማሽኑን በክንዴ ከለልኩት፤ ሌላ የምከልለው ነገር አልታየኝም።

"እኔ ነኝ" አለች ዘይነባ።

ድምፅዋ ስለወረደ መጀመሪያ ያልሰማት አለ። ደገመችው።

"እኔ ነኝ የከፈትኩት። ሰኢድ፣ ተወው ልጁን።"

ጠረጴዛው ጋ መጥታ ቆመች። እኔን ነበር የምታየው።

"ጋሽ ዓለሙ፣ ባሌ በሕይወት እያለ ጄኔሬተር አሠርቶ ነበር። መካኒኩ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ከቶበት ነው የመለሰለት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምንም። እርስዎ ሲሠሩ ያነሳሁትን ፎቶ ሳይ የቀኙ መሰኪያ እግሮች ያብረቀርቃሉ፤ የግራዎቹ ጠቁረዋል። ለውጠውብኛል አልኩ። ልጆቹ ሳይኖሩ ከፍቼ ላስተያይ ብዬ ነው። አንዷ ብሎን ጠፋችብኝ። ወለሉን ሁሉ ጠርጌ ፈለግኋት። ውስጥ ትገባለች ብዬ መች አሰብኩ።"

"የሚያብረቀርቀው አዲስ ስታኞ ስለሆነ ነው" አልኳት።

"አሁን ገባኝ። መዓሌሽ፣ ይቅርታ።"

ሰው ሁሉ በአንዴ ተነፈሰ። እኔ ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ስሜን አስፈርሳለችና። ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ በባሏ ወንድም ፊት፣ ማንም ሳያስገድዳት የተናገረችውን ሴት ምን ብዬ ልቆጣት? እኔ እንኳ ሰኢድን ነበር የጠረጠርኩት። ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ሰኢድ ነው ብዬ እምል ነበር።

ዘይነባ ሻንጣውን ሰኢድ ካስቀመጠበት ጥግ አነሳች። ከባድ ነበር፤ በሁለት እጇ ተሸክማ ምኒችል እግር ሥር አስቀመጠችው።

"በደልንህ። ይቅር በለን።"

ምኒችል ይቅር አላላትም። ተንበርክኮ ሻንጣውን ከፈተና ዕቃውን በሰው ፊት አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። የእናቱን ልብስ ዘርግቶ ወደ ብርሃኑ አየው። የሸሚዞቹን ኪስ ገለበጠ። ዘይነባ እስኪጨርስ ድረስ ከፊቱ አልተንቀሳቀሰችም። ሰኢድ "እንዴ፣ ሌባ አደረግኸን?" ሊል ሲል በእጇ ዝም አሰኘችው። ምኒችል ሁሉንም አይቶ፣ መልሶ አጥፎ፣ ዚፑን ዘጋ።

"ሙሉ ነው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ያች ነገር ትድናለች?"

"ትድናለች። ፊውዝ ብቻ ነው።"

በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ጠጋኝ ፊውዟን ትቶ በሽቦ ያገናኛል። ሐጅ ይህን ሲያዩ ያብዱ ነበር፤ "ሽቦ ያደረግህ ቀን እሳቱን ራስህ ጠርተኸዋል" ይሉ ነበር። ሱቄ ሄጄ ከሞተ ቴፕ ላይ ልኳን የምታክል ፊውዝ ፈትቼ መጣሁ። ስመለስ ማንም አልወጣም። ቴሌቪዥኑን ሊወስድ የነበረው ሾፌር እንኳ በርጩማ ይዞ ተቀምጧል። ፊውዟን አስገባሁ፣ ብሎኖቹን ለዘይነባ ሰጠኋትና "አንቺ ዝጊው፤ እየቆጠርሽ" አልኳት። ሳቀች። በዚያ ቀን መጀመሪያ የሳቀ ሰው እሷ ናት።

ማሽኑ ሲበራ ምኒችል ሻንጣውን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ቁጭ አለ።

"ያልጨረስነው አለን" አለው ሰኢድን።

ሰኢድ አፍሮ ነበር፤ ግን ተቀመጠ። ምኒችል ግራውን መሰኪያ ለራሱ ጠየቀ። ሰጡት። ከዚያ ሐሳቡን ለውጦ ጆይስቲኮቹን አቀያየረ። ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተጭኖ ተጫዋቹ ሲሮጥ፣ ሲመታ፣ ሲዞር አየ። "የኔንም ሞክረው" አለ ሰኢድ ጆይስቲኩን እየዘረጋ። ምኒችል ያንንም ተቀብሎ ሞከረው።

ተጫወቱ። ጓዶቹ ይጮኻሉ፣ ሾፌሮቹ ይጮኻሉ፣ ዘይነባ ከሱቋ በር ሆና አንገቷን ታሰግጋለች። እኔ ጨዋታውን አላየሁም፤ መሰኪያዎቹን ነበር የማየው፤ ሽቦው በተሳበ ቁጥር ልቤ አብሮ ይሳባል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰኢድ አገባ።

ሁሉም የምኒችልን እጅ ያያል። እኔም አየሁት።

ምኒችል ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠው፤ እንቁላል የሚያስቀምጥ ሰው ይመስል ነበር። ሽቦውንም ሳይጎትት ጠቀለለው። ተነስቶ ሻንጣውን ትከሻው ላይ ጣለና ለሰኢድ እጁን ሰጠው።

"አሁን በእውነት ተሸነፍኩ" አለ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር።